ጠይቁ፦ ቀለሙ ሲያብጥ ከሥሩ ምን አለ?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ሰው መኪናውን ዞር ብሎ ማየት ይጀምራል መሰለኝ፣ ከመስከረም ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ዝገት ናቸው። አይገርምም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና አባብሎ ማቆየት የግድ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነኝ። ከመጡት ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ቮልስ አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች። ዘንድሮ ላስነሳት ብዬ ገልጬ ሳያት የፊት ፓራፋንጎዋ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ላይ ቀለሙ አባብጧል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ጎረቤቴ “ስቱኮ ምታበትና ቀባው፣ አለቀ” ይለኛል። ጋራዥ የጠሩልኝን ዋጋ ተዉት። በቤቴ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ

ትችላለህ። የጎረቤትህን ምክር ግን አትስማ። እኔ ሰምቼ አይቼዋለሁ። አንድ ዓመት የራሴን መኪና ለጥምቀት ላሳምራት ብዬ ያበጠውን በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣ ስቱኮ ለጥፌ፣ አለስልሼ ቀባሁት። መስታወት መስሎ ነበር። ክረምቱን እንኳን አልጨረሰም። ነሐሴ ላይ ስታጠብ ስቱኮው እንደ ደረቀ የዳቦ ቅርፊት ባንድ ቁራጭ ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ከጀርባው ያለው ላሜራ በጥፍር ይበሳ ነበር። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፣ ዝገት ላይ ከተለጠፈ ደግሞ የመጠጠውን ሁሉ ለዝገቱ ነው የሚያቀብለው።

አንድ ነገር ልብ በል። ቀለም ሲያብጥ የምታየው የዝገቱን መጀመሪያ አይደለም፣ መጨረሻውን ነው። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ይገዝፋል፣ ቦታ ሲያጣ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ልቀባው” አይደለም፣ “ውሃው የት ተቀምጦ ከረመ” ነው። ጠጠር መትቶት ቀለሙ ተላጥቶ ከውጭ የዛገ ከሆነ እድለኛ ነህ። ከጀርባ በልቶ የመጣ ከሆነ ግን ከፊት ብታለሰልሰው ልፋትህ ከንቱ ነው። እጅህን ከጎማው በላይ አሻግረህ ዳብሰው። የአባትህ ዘመን ጭቃ እዚያ ተጠቅጥቆ ታገኘዋለህ። ያ ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት ርሶ ይቆያል።

ቮልስ ደግነቷ ፓራፋንጎዋ በቡሎን የታሰረ መሆኑ ነው። አውልቀህ በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ፀሐይ እየሞቅህ ልትሠራው ትችላለህ። ቡሎኖቹ እንዳይበጠሱብህ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምረህ ጠዋት ማታ በናፍጣ አርሳቸው። በጉልበት አትታገላቸው።

ከዚያ በፊት ግን የኋላ መቀመጫዋን አንሳ። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ ሥር ነው፣ በቀኝ በኩል፣ ብዙ ሰው እስኪሞትበት ድረስ ያለበትን አያይም። ከባትሪው የሚተነው የሚንጠባጠበው አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። ባትሪውን አውጥተህ ወለሉን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የበሰበሰ ድምፁ ድፍን ነው። ነጣ ያለ ዱቄት ካየህ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ አፍስበት፣ አረፋ መሥራቱን እስኪያቆም ድገምለት፣ በንጹህ ውሃ አጥበህ አድርቀው። ቀጥሎ በግራና በቀኝ ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ሣጥን መሰል ብረት በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርገው። የሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚሄድበት ቦይ እሱ ነው፣ ቮልስ በዝገት ስትሞት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው የምትሞተው። ካቻቢቴው ጥርቅ ብሎ ከገባ ለፓራፋንጎው አምስት ሳንቲም አታውጣ። መጀመሪያ ጥሩ በያጅ ፈልግ።

ወለሉ ደህና ነው እንበል። ፓራፋንጎውን አጥበህ አድርቀህ ዝገቱን እስከ ነጭ ብረት ድረስ አውርደው። መጀመሪያ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት፣ ዳር ዳሩን በ120 እና በ240። ከሚታየው ዝገት ሦስት ጣት ያህል አልፈህ ወደ ጤነኛው ቀለም ግባ፣ ዝገት ከቀለም ሥር ተደብቆ ይሄዳል። ግራይንደር ካለህ ይፈጥናል፣ ግን ላሜራውን ያሳሳዋል፣ ያግለዋል፣ እጅህ ካልለመደ ይቅርብህ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ቀለሙን ስትፈገፍግ ውሃ እየነካህ ሥራ፣ ማስክም አድርግ። ልጆች ካሉ ግቢውን ጠርገህ አቧራውን ሰብስበው።

አሁን ብረቱን ጠጋ ብለህ እየው። ነጭ በነጭ ሆኗል ስትል መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ታያለህ። ሌባው እሱ ነው። ወረቀት አይደርስበትም። ለዚህ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ፈሳሽ ቀለም ከሚሸጡበት ቤት ጠይቅ፣ በብሩሽ ቀባበትና መያዣው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ። ዝገቱን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ወደሚቀር ፎስፌት ይለውጠዋል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ከዚያ መያዣው ላይ እንደተጻፈው ወይ አጥበህ ወይ እንዲሁ አድርቀህ፣ በቲነር በነከርከው ንጹህ ጨርቅ ጥረገውና በዚያው ቀን አንቲረስቱን (ዝገት የሚከላከለውን የሥር ቀለም) ቀባ። በዚያው ቀን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ባዶ ብረት አሳድረህ ጠዋት ብትመጣ ጤዛው ብርቱካንማ አድርጎ ይጠብቅሃል። በጥቅምትና በኅዳር ቀኑ ደረቅ ቢሆንም ሌሊቱን ታውቀዋለህ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ቀለም አትጀምር፣ ከ9 ሰዓት በኋላ አትቀባ፣ ብረቱ በእጅህ ስትነካው ለብ ይበልህ።

አንቲረስቱን ሁለት ጊዜ በስሱ፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛውን። የፓራፋንጎውን ጀርባ እንዳትረሳ፣ ከፊቱ ይልቅ እሱ ነው የሚበላው። የጎደጎደ ቦታ ካለ ስቱኮ አሁን ይገባል፣ በንጹህ ብረት ላይ፣ በስሱ። ከዚያ የላይኛው ቀለም። እና እባክህ “ቀለሙን በኋላ ብር ሲገኝ” ብለህ በአንቲረስት አትተዋት። ግራጫ ቀሚስ ለብሰው ሁለት ክረምት የሚያልፉ መኪኖች በየሰፈሩ አሉ። ተራ አንቲረስት ላዩ ላይ ቀለም ካልተደረበበት ውሃ ያሳልፋል። ሲገርምህ፣ ከሥሩ እንደገና ዝጎ ታገኘዋለህ፣ ያውም ተደብቆ።

ላስቲኩን ጣለው። በቆመችበት ሦስት ዓመት መኪናዋን የበላት ዋናው እሱ ነው። ከመሬት የሚነሳው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ሌሊት ውሃ ሆኖ ላሜራዋ ላይ ይንጠባጠባል። አራት እንጨት ተክለህ በላዩ ቆርቆሮ አልብስ፣ ጎኑን ክፍት ተወው። ሣር ላይም አታቁማት፣ ጠጠር አልብሰው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና

ቤቴ ደብረ ሲና፣ ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው። በየቀኑ ጣርማ በርን እመላለሳለሁ። ኮሮላ ዲኤክስ ነው የምነዳው። የአራቱም በሮች ሥር ዝጓል፣ ምንጣፉ ይሸታል፣ ደግሞ ዳገቱን ስወጣ በሩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ “ጉሙ ነው” ይለኛል። ጉሙን ምን ላድርገው?

መልስ

ጉሙን ምንም አታደርጊውም እህቴ። ጣርማ በርና ጉም አይለያዩም፣ ዋሻውን ስትወጪ መብራት አብርተሽ ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ሌላው አይመለከትሽም። መኪናሽን የበላት ግን ያ የሰማሽው መንቦጫረቅ ነው።

የመኪና በር ውሃ እንዳይገባበት ተደርጎ አልተሠራም። መስታወቱ በሚወርድበት ስንጥቅ ውሃ ይገባል፣ መግባቱም ችግር የለውም፣ ምክንያቱም በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ እንዲወጣበት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበጅተዋል። እነዚያ ቀዳዳዎች አቧራና ቅጠል ሲጠርቅማቸው በሩ ገንዳ ይሆናል። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን በር ሥር ተንበርክኬ በሽቦ ስጎረጉር ሻይ የመሰለ ውሃ ዥው ብሎ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፣ ሳምንት ሙሉ ዝናብ አልነበረም። አንቺም በሩን ከፍተሽ ከሥር ጠርዙን በጣትሽ ዳብሺ፣ ቀዳዳዎቹን ታገኛቸዋለሽ። ቀጭን ሽቦ ወይም የክብሪት እንጨት በቂ ነው። ቀለሙን እንዳትቧጭሪ ብቻ።

ውሃው ከወጣ በኋላ በሩን አድርቂው። የውስጥ ሽፋኑን ብታስወልቂ ጥሩ ነው፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ይክረም። ከዚያ በበሩ ሆድ ውስጥ፣ ሁለቱ ላሜራዎች የተጣጠፉበት ጠርዝ ላይ፣ ንጹህ ዘይት በዘይት መርጫ አፍስሺበት። ዘይቱ ራሱ ፈልጎ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በቀዳዳዎቹ ትንሽ ይንጠባጠብብሻል፣ ታገሺው። ከውጭ ያለውን ዝገት ለቮልሱ ወንድማችን በነገርኩት መንገድ ሥሪው። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሪ፣ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀለሙ በኋላ።

የምንጣፉ ሽታ ሌላ ጉዳይ ነው። የመስታወት መጥረጊያዎቹ ሥር፣ ከኮፋኖው (ከሞተሩ ክዳን) ጫፍ አጠገብ፣ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ክፈቺና እዪው። በእኛ አካባቢ እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ ይበሰብስና ውሃ መውረጃውን ይደፍናል፣ ውሃውም ሄዶ ሄዶ እግርሽ ሥር ይወጣል። እሱ ደህና ከሆነ የፊት መስታወቱን ላስቲክ ጠርጥሪ። አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንቺ ከውጭ በጣሳ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ቀስ እያልሽ ውሃ አፍስሺ። ከላይ ከጀመርሽ ሁሉም ቦታ ይርስና የገባበትን አታውቂውም። ምንጣፉን ላዩን ብቻ ማድረቅ አይበቃም፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ነው ውሃውን የሚይዘው። አውጥተሽ አጥር ላይ ስቀዪው።

ጥያቄ፣ ከመንዝ

ልጄ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። የቆየች ፒክአፕ አለችኝ፣ ወደ ታች በግ፣ ወደ ላይ ጨው እጭንባታለሁ። የጭነቱ ወለል ማእዘን ማእዘኑ በስብሷል፣ ሻንሲውም (መኪናዋን ከሥር የተሸከመው ብረት) ቅርፊት እየጣለ ነው። ልጆቹ የተቃጠለ ዘይት ከሥር እንርጭባት ይላሉ። ምን ትላለህ?

መልስ

አባቴ፣ በግና ጨው! ዝገት በስለት ቢለምን ከዚህ የበለጠ አያገኝም።

ብረት ሲዝግ ነገሩ እንደ ትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው፣ ውሃው ጨው ሲቀላቀልበት ደግሞ ያ ባትሪ በጣም ይፈጥናል። ጨው እርጥበትም ከአየር ይስባል፣ ስለዚህ ዝናብ ሳይኖር እንኳን ወለሉ አይደርቅም። የበግ ሽንትም ያው ጨው አለበት። ጉዝጓዙ ጭድ ከሆነ ይመጥጠውና እንደ ራሰ ጨርቅ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ይውላል ያድራል። የርስዎ ማእዘኖች የበሰበሱት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይፈልግም፣ ልማድ ነው የሚፈልገው። በጎቹ በወረዱበት ቀን፣ ነገ ሳይሉ፣ ጭዱ ተጠርጎ ይውጣ። መኪናዋ ኋላዋ ወደ ቁልቁለት ሆና ትቁም፣ የኋላ በሯ ይከፈት፣ ውሃ በባልዲ ከፊት ወደ ኋላ ይለቀቅ። ልጆቹ ሻንሲውንም ከሥር ይጠቡት፣ በተለይ የሻንሲው ብረት ቀዳዳ ባለበት ወደ ውስጥ ውሃ ይልቀቁበት፣ ዝገቱ የሚጀምረው ከሆዱ ነው። ለጨው ደግሞ ጆንያው ሥር ወፍራም ሸራ ያንጥፉ፣ ዳሩ ወደ ላይ ታጥፎ እንደ ሳህን ይሁን።

የልጆቹ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ዘይት ውሃን ከብረት ይለያል። የተቃጠለው ዘይት ግን ሞተር ውስጥ ሲቆይ አሲድ ያጠራቅማል፣ የጎማ ነገሮችን ያበላሻል፣ ለቆዳም መጥፎ ነው፣ ተንጠባጥቦ ማሳና ምንጭ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከዝገቱ የባሰ ጣጣ ነው። ንጹህ የሞተር ዘይት ከግራሶ ጋር ይደባለቅ። እንዲሳሳ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ያሙቁት እንጂ እሳት ላይ እንዳይጥዱት። ቅርፊቱ በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ከረገፈ፣ ሻንሲው ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ይቀባ። እርጥብ ላይ መቀባት እርጥበቱን ማሸግ ነው። ፍሬን፣ ጎማና ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) እንዳይነካ አደራ፣ ማርሚታ ላይ ከነካ በእሳት ነው የሚጫወቱት። ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ በዓመት አንዴ በቂ ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምርልዎት። ውጭ አገር ለመኪና ሥር ተብሎ በውድ የሚሸጥ ላኖሊን የሚባል ቅባት አለ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ከበግ ጠጉር ታጥቦ የሚወጣ ስብ ነው። በጓን ከዝናብ የሚያድናት ያ ቅባት ብረትንም ከውሃ ያድናል። ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) የሚሠሩት እናቶች ጠጉሩን ሲያጥቡ ከውሃው ጋር የሚደፋው ማለት ነው። ለአንዲት ፒክአፕ ስንት በግ መታጠብ እንዳለበት እርስዎ ይገምቱ፣ ነጋዴ ነዎት።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት

የዛገ ቡሎንና ማጠፊያ ኮካ ውስጥ ቢነከር ይጸዳል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ

እውነት ነው፣ ግን ኮካውን ጠጣው። ውስጡ ጥቂት ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ ቀላል ዝገት ያነሳል፣ ስኳሩ ግን ያጣብቅሃል፣ የሮቢት ዝንብም ይሰበሰብብሃል። ኮምጣጤ ይሻላል። ዘይቱን በሳሙና አጥበህ አንድ ሌሊት ንከረው፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍግ፣ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ አለቅልቅ፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቀህ ዘይት ቀባው። ወዲያው ካልቀባኸው ዓይንህ እያየ ይዝጋል። የነከርክበት ዕቃ ውስጥ በረኪና እንዳይገባ፣ ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የሞተር ውስጥ ክፍልና ሞላ (ስፕሪንግ) የሆነ ነገር በአሲድ አትንከር።

ጥያቄ፣ ከአጣዬ

ላንድክሩዘር ሻንሲዬ ላይ፣ ከኋላ ሞላው በሚታሰርበት አጠገብ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጥቷል። ለዓመታዊ ምርመራ እስክቀርብ በፋይበርና በስቱኮ ሞልቼ ጥቁር ብቀባው ምን ይለኛል?

መልስ

አይሆንም። እዚህ ጋ ቀልድ የለም። በር፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ ቢበሰብስ መኪናህ ታስጠላለች እንጂ ሰው አይሞትም። ሻንሲ ግን ተሸካሚ ነው፣ ሞላው የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፍበት ነው። ፋይበር ምንም አይሸከምም። መርማሪውን ብታታልለው እንኳን ቁልቁለቱን አታታልለውም። ቀዳዳው ሁለት ጣት ካስገባ ዙሪያው ያለው ብረትም ሳስቷል፣ በመዶሻ ብትነካው ይሰፋል። የሻንሲ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ፣ ውፍረቱ ተመሳሳይ በሆነ ብረት ይሙላልህ። ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጅ ታንከሩና ቱቦው ከአጠገቡ ይነሳ። እግረ መንገዱን የፍሬን ቱቦዎቹን ያይልህ፣ በሻንሲው ጎን ነው የሚሄዱት፣ ቅርፊት የያዘ ቱቦ ካለ ይቀየር እንጂ አይፈገፈግም። እስከዚያው መኪናዋ ትቁም። ሰው እንዳትጭንባት።